በረንዳ ላይ የተሣለች ኮልካታ

በእያንዳንዱ የቤንጋል ቤተሰብ ውስጥ አንድ የጉዞ አዛዥ አለ። የመረጠው የለም፤ የሾመው የለም፤ የሚሽረውም እስካሁን አልተወለደም። መንግሥት ይወድቃል፣ ወንዝ መንገዱን ይቀይራል፣ የጉዞ አዛዥ ግን የባቡር ሐዲድ እስካለ ድረስ አለ። አንድ ሰው በገዛ ጓዳው፣ ለገዛ እናቱ፣ በሹክሹክታ «ሁለት ሦስት ቀን ወጣ ብለን ብንመጣስ?» ቢል አዛዡ ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዞው የተናጋሪው መሆኑ ያበቃል። ተናጋሪው ሻንጣ ተሸካሚ ይሆናል።

የሻኒያል ቤተሰብ አዛዥ ክቡር ቢባሽ ሻኒያል ናቸው። በዱርጋፑር ከተማ በአንድ ብረት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆነው አርጅተው በጡረታ ተሰናበቱ፤ እሳቸው ከፋብሪካው ወጡ እንጂ ፋብሪካው ከሳቸው አልወጣም። ፊሽካቸው እስከ ዛሬ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጃንጥላቸው ዝናብ አይቶ አያውቅም፤ ሥራው መጠቆም ነው። የወንድማቸው ልጅ ኬያ «ካኩ» እያለች ትጠራቸዋለች። ካኩ ከዚህ ዓለም ለሚመጣ ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አላቸው።

«ሁሉም ታስቦበታል።»

ባቡሩ ቢዘገይስ? ታስቦበታል። ሰው ቢያስመልሰውስ? ታስቦበታል፤ ላስቲኩ በግራ ኪሳቸው ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገረኛ አማች፣ መንገድ ላይ ሰው ቢሞትስ ብሎ ሊያፋጥጣቸው ሞከረ። ካኩ ቅንድባቸውን እንኳ ሳያነሡ አስከሬን ለማውረድ የትኛው ጣቢያ እንደሚመች ነገሩት።

ዳርጂሊንግ በሄዱበት ዓመት ፀሐይ ስትወጣ ለማሳየት መላውን ቤተሰብ በጨለማ ቀስቅሰው ኮረብታ ላይ አወጡ። ጉሙ የገዛ እጅን አያሳይም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ሰዉን ወደ ብርድ ልብሱ ይመልሳል። ካኩ ጃንጥላቸውን ወደ ነጩ ባዶ ቀስረው «ፀሐይ ያለችው እዚያ ነው፤ ተመልከቱ» አሉ፤ ቤተሰቡም ተሰልፎ ጉሙን ተመለከተ። ፑሪ ባሕር ዳር ደግሞ ሰውን በዕድሜ አሰልፈው፣ አንድ ረጅም ገመድ አስይዘው፣ በፊሽካ ወደ ማዕበሉ አስገቡ፤ በፊሽካ አስወጡ። አንድ መንገደኛ ዓሣ አጥማጆች መስለውት ዋጋ ጠየቀ።

ኬያ በሴቶች ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ድምፅዋ መጨረሻው ወንበር ድረስ አይደርስም። ቁጣ የላትም ማለት ግን አይደለም። ቁጣዋን እንደ ታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ደርድራ ታስቀምጠዋለች። በዚያ ዓመት ቁምሳጥኑ አልዘጋ ብሎ ነበር።

ነገሩ ዓሣ ነው። የኬያ እናት ሱሎታ ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። ባል የሞተባት ሴት ዓሣ አትነካም የሚለው ወግ በብዙ ቤት ቀርቷል፤ ጎረቤቶቻቸው እንኳ ትተውታል። በሻኒያሎች ቤት ግን ፒሺ አሉ። ፒሺ ማለት የአባት እኅት ማለት ነው፤ ለኬያ አባትም ለካኩም ታላቅ እኅት ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ ባላቸው ሞቶ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ፤ እናት የሞተችባቸውን ሁለት ወንድሞቻቸውን አሳደጉ፤ ነጭ ለብሰው፣ ዓሣ እያበሰሉ፣ ዓሣ ሳይጎርሱ አረጁ። ማንንም ከልክለው አያውቁም። መከልከል አያስፈልጋቸውም። ማዕድ ቤቱ በር ላይ በዝቅተኛዋ በርጩማቸው መቀመጣቸው ይበቃል።

«ዕድሜዋን ሙሉ ያልቀመሰች ሴት እያየችኝ፣ እንዴት አድርጌ ልዋጠው?» አለች ሱሎታ፣ ኬያ አንድ ጊዜ ደፍራ ስትጠይቃት። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው አልተነሣም።

የሚያንገበግበው፣ ሱሎታ በየቀኑ ዓሣ ታበስላለች። ለኬያ፣ ለካኩ፣ ለካኩ ሚስት ለካኪማ። ጨውን የምትለካው በአፏ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው፤ ተሳስታም አታውቅም። ኬያ ሌላውን ሁሉ ብትችል ይህን አለመሳሳት መቻል አቅቷታል። እናቷ አብስላ ስትጨርስ ገላዋን ትታጠባለች፤ የራሷን ምስርና ድንች በሌላ ድስት ትጥዳለች። ብርድ ገብቶ የኮይ ዓሣ ወራት ሲመጣ፣ ከጎረቤት ማዕድ ቤት ኮይ በአበባ ጎመን ሲሸት ደግሞ ተነሥታ መስኮቱን ትዘጋለች። መስኮቱን ብቻ ትዘጋለች።

ኮይ ትንሽ፣ ጠቆር ያለ ዓሣ ነው፤ ሁለመናው አጥንት ነው። እሱን መብላት እንደ ጥልፍ ሥራ የጣት ጥበብ ይጠይቃል። ከሱሎታ ጣት የሚያመልጥ የኮይ አጥንት የለም ይባል ነበር። የኬያ አባት እሷ ካልለቀመችለት ኮይ አይነካም ነበር። ለባሏ እየለቀመች፣ ለልጇ እየለቀመች፣ በመጨረሻ ጭንቅላቱን ለራሷ ወስዳ ዓይኗን ጨፍና የምትመጠምጠው ኬያ ልጅ ሳለች ነው። ያቺን ፊት ኬያ አልረሳቻትም።

እንግዲህ ያሰበችው ይህን ነበር። ለሦስት ቀን እናቷን ይዛ ኮልካታ ትወርዳለች፤ ሁለቱ ብቻ። ከተማውን ያያሉ፣ ጣፋጩን ይቀምሳሉ፣ በወንዙ ዳር ይሄዳሉ። ከዚያ የፒሺ በርጩማ በሌለበት አንድ ምግብ ቤት ይገቡና ኬያ ምንም ሳትናገር ኮይ ታዛለች። ካኩን የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ኮልካታው ሃውራ ጣቢያ የጠዋቱ ባቡር ይሻላል ወይስ የቀትሩ?

ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮልካታ በረንዳው ላይ ተሥላ ጠበቀቻት።

ቀዩ ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር ጠመኔ ሆኗል። ወንዙ በሰማያዊ ከበሩ ተነሥቶ እስከ አበባ ማሰሮዎቹ ይፈስሳል። የሃውራ ድልድይ የካኪማ ማበጠሪያ ነበር። ካኩ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ብርድ ነው ብለው ከአንገት እስከ ግንባር የሚሸፍነውን የሱፍ ቆባቸውን አጥልቀው፣ የገበያ መንገዶችን ያሰምራሉ።

«አምስታችንም እንሄዳለን» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዲዲም ጭምር።»

ዲዲ የሚሉት ታላቅ እኅታቸውን ነው። ፒሺ ከነበርጩማቸው፣ ከነነጭ ሳሪያቸው፣ ከነዝምታቸው ኮልካታ ሊሄዱ ነው ማለት ነው። ኬያ አንድ ተጨማሪ ልብስ አጥፋ ቁምሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ ወደ መኝታ ለመግባት ከተማ ይሻገር ጀመር። ካኪማ ሲወለውሉ ወንዙን ጠረጉት፤ ካኩ ወንዝ የሌላት ኮልካታ ምን ልትባል ነው ብለው አኮረፉ፤ እንደገና ሣሉት፤ ሁለተኛው ወንዝ ከመጀመሪያው ሰፋ። አንድ እሑድ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ እንደ ባቡር ደርድረው የመሳፈር ልምምድ አደረጉ። ፊሽካ ሲነፋ መግባት፣ ፊሽካ ሲነፋ ሻንጣ ከወንበር ሥር መግፋት፣ ፊሽካ ሲነፋ መውረድ። ካኪማ ሁለት ጊዜ ባቡሩ አመለጣቸው። ፒሺ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንደ እውነተኛ መንገደኛ ወደ ጎረቤት አጥር ይመለከቱ ነበር። ጎረቤቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ባቡሩ ሻይ ይሸጥበት እንደሆነ ጠየቀ። ካኩ ታስቦበታል አሉት።

ኮልካታ የሚኬደው ለመብላት መሆኑን ካኩም አልካዱም። ግን ሆድ በሳቸው እምነት የብረት ማቅለጫ ምድጃ ነው፤ ሁሉም ባንዴ አይጨመርበትም። ጠዋት አተር የተሞላ ቂጣ ይፈቀዳል። ማታ በአዲስ የተምር ስኳር የተሠራው የወተት ጣፋጭ፣ ሸንደሽ፣ ይፈቀዳል፤ ለአንድ ሰው አንድ። መንገድ ዳር ጎምዛዛ ውሃ እየተሞላች የምትጎረሰው ትንሽ ጥብስ ቂጣ፣ ፉችካ፣ በፍጹም አትፈቀድም፤ ውሃው ከየት እንደተቀዳ ሻጩም አያውቅ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ከተማዋ እምብርት ላይ ተከሉ።

«ቦውዲን በተመለከተ» አሉ፤ ቦውዲ የሚሏት የወንድማቸውን ሚስት ሱሎታን ነው፤ የተናገሩትም ፒሺ እንዲሰሙ ጮክ ብለው ነው፤ «በሦስቱም ቀን ከአትክልት በቀር አይቀርብላቸውም። ሁሉም ታስቦበታል።»

ፒሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱሎታ የሳሪዋን ጫፍ አስተካከለች።

በዚህም አላበቃ። ሁለተኛውን ቀን በሁለት ቀለም ከፈሉት። ሰማያዊው ቡድን ፒሺና ካኪማ ናቸው፤ በጀልባ ወደ ቤሉር ቤተ መቅደስ ይሻገራሉ፣ ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። ቀዩ ቡድን ሱሎታ፣ ኬያና ራሳቸው ካኩ ናቸው፤ ቦውባዛር ሄደው የሰዓት ጠጋኞችን ሰፈር ይጎበኛሉ። የሰዓት ጠጋኞችን። ሱሎታ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እሷም በጀልባው ብትሄድ።

«ቀይ ቀይ ነው፣ ቦውዲ» አሉ ካኩ። «ቀለም ከተቀላቀለ ሥራ ይበላሻል።»

ከመሄዳቸው በፊት ባለው ሳምንት ካኩ ጥርሴን አመመኝ ብለው ለብቻቸው ኮልካታ ደርሰው መጡ። ዱርጋፑር ውስጥ ጥርስ ነቃይ የጠፋ ይመስል። ሲመለሱ የተቦረቦረው ጥርስ እንዳለ ነበር፤ ሲስቁ ይታያል፤ ደግሞም ብዙ ሳቁ። ካኪማ የታከመው የቱ ነው ብለው አፋቸው ውስጥ በባትሪ ፈለጉ። ኬያ ግን ገብቷታል፤ መንገዱን ቀድመው ሊለማመዱ ነው የሄዱት። ሰውዬው ከተማውን ሳይቀር በፊሽካ ሊያሰልፉት ነው።

ባቡሩን አላመለጣቸውም። ሊያመልጣቸውም አይችልም ነበር፤ ጣቢያ የደረሱት መጥረጊያ የያዙት ሰዎች ገና ሲመጡ ነው። የመጀመሪያው ቀን እንደተሣለው አለፈ። ነጩን የእብነ በረድ ሕንፃ ካኩ ከመረጡት ማዕዘን ተመለከቱት፤ ኬያ በሌላ በኩል ልትዞር ስትል ፊሽካው ተነፋ። ሸንደሹን አንዳንድ በሉ። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ፉችካ ጎርሳ ውሃው አገጯ ላይ ፈሰሰና ሳቀች፤ ሱሎታ ቆማ አየቻት፤ ካኩ ጃንጥላቸውን በመካከል ዘረጉ። ሱሎታ ለኬያ «ምንም አይደል» አለቻት በዓይኗ። ኬያ በሕይወቷ ከሰማቻቸው ቃላት ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ይህን «ምንም አይደል» ነው።

በማግስቱ ሰማያዊው ቡድን ጀልባ ላይ ወጣ። ፒሺ ከጀልባው ጫፍ ሆነው በነጭ ሳሪያቸው እየራቁ ሲሄዱ ሱሎታ እጇን አውለበለበች፤ ፊቷ ቤት ጠብቂ ተብላ እንደቀረች ልጅ ነበር። ቀዩ ቡድን ወደ ቦውባዛር ተጓዘ። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ የተለያየ ሰዓት ያሳያል። ካኩ ከፊት ጃንጥላቸውን አንሥተው ይገሠግሣሉ። አንዱንም ሰዓት ቆም ብለው አላሳዩም። ሱሎታ ጫማዋ እየላጣት ትከተላለች። ኬያ የእናቷን ተረከዝ አየች። ቁምሳጥኑም ተከፈተ።

«ካኩ፣ ይቁሙ» አለች።

ድምፁ የሷ አልመሰላትም። አንድ ሰዓት ጠጋኝ ከዓይኑ ላይ መነጽሩን አወረደ። ካኩ ዞሩ።

«ይህን ጉዞ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ለእማ ነው ያሰብኩት። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። እርስዎ ግን ቤቱን በሙሉ ጭነው፣ ጀልባውን ከልክለዋት፣ ሰዓት ሊያሳዩን አመጡን፤ እሱንም አላሳዩንም። ሁሉም ታስቦበታል ይላሉ። ፀሐይ ታስቦባታል፣ ወንዝ ታስቦበታል፣ ላስቲክ ታስቦበታል። ስለ እማ ግን ማንም አላሰበም። አባባ ከሞተ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ እማ አንድ ሰው አስቦ አያውቅም። መስኮት ስትዘጋ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ኬያ» አለች እናቷ። እጇን ልትይዛት ሞከረች።

ካኩ የሱፍ ቆባቸውን አወለቁ። በብርድ ወራት፣ ደጅ ላይ፣ ኬያ እስክትወለድም ሆነ ከተወለደች ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። ራሳቸው ላይ የቀረችው ሽበት ቆማለች።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

«ቀሪውን ሄደሽ ትጨርሻለሽ» አሉ። «ሲቀዘቅዝ አይጥምም።»

ጃንጥላቸውን ሳያነሡ ወደ አንድ ስርጥ፣ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ገቡ። ስርጡ መጨረሻ ላይ ምንም ምልክት ያልተጻፈበት ዝቅ ያለ በር ነበር። ውስጡ የእብነ በረድ ጠረጴዛዎች፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ታጥበው የተቆለሉ የሙዝ ቅጠሎች። ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወፍራም ሰው ካኩን ሲያይ ፊቱ በራ።

«መጡ? ጥርስዎ ተሻለዎት?» አለና ሳቀ። «ኮይው ጠዋት ባልዲ ውስጥ ሲፈነጥዝ ነበር። እንዳሉኝ ነው የተሠራው፤ ከአበባ ጎመን ጋር፣ ሽንኩርት ሳይገባበት።»

ኬያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርት ሳይገባበት የእናቷ አሠራር ነው።

ሩዙ መጣ። ከዚያ ሳህኑ መጣ። የመስኮቱ ሽታ ነበር፤ አሁን ግን የሚዘጋ መስኮት አልነበረም። ሱሎታ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ቢባሽ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አበባ ጎመን ነው፣ ቦውዲ» አሉ ካኩ። «ለዲዲ፣ ‹ለቦውዲ ከአትክልት በቀር አይቀርብላቸውም› ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አበባ ጎመን አትክልት ነው። ዓሣው መጥቶ አጠገቡ ቢተኛ እኔ ምን ላድርገው?»

ሱሎታ አልሳቀችም። «ዲዲ ዕድሜያቸውን ሙሉ…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም።

ካኩ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሻሹ ነበር። ሲናገሩም ዓይናቸው ቆቡ ላይ ነበር። «መስኮቱን አይቻለሁ። በየዓመቱ አይቻለሁ። ለዲዲ ፊት ለፊት ‹ይብቃ› ማለት ግን አልችልም፣ ቦውዲ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ባቡርና ጀልባ ማሰለፍ ግን እችላለሁ።»

ይህን ብለው ተነሡ። ወደ በሩ ሄደው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ተቀመጡ። የዱርጋፑር ሰው ድንገት ብቅ ቢል ሊያግዱት ነው። ፊሽካቸው አፋቸው ውስጥ ነበር።

የሱሎታ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ከዚያ ቀኝ እጇ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የምታውቀውን ሥራ ጀመረ። አከርካሪውን ፈልጋ ገለጠች፤ ቀጫጭኖቹን አጥንቶች አንድ በአንድ እየሳበች ቅጠሉ ዳር ደረደረች፤ ንጹሑን ሥጋ ከአበባ ጎመኑ ጋር አድርጋ ወደ ኬያ ቅጠል ገፋችው። የልማድ እጅ ነው፤ ሁልጊዜም ለሰው ነው የለቀመችው።

ኬያ መልሳ ገፋችላት። ብትናገር ታለቅስ ነበር፤ ቢያለቅሱ ደግሞ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

ሱሎታ ጎረሰች። ያኘከችው እጅግ ቀስ ብላ ነበር። ሁለተኛው ጉርሻ ፈጠን አለ። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ወረደ፤ ኬያ እነዚያ ትከሻዎች ተሰቅለው እንደኖሩ ያወቀችው አሁን ሲወርዱ ነው። በመጨረሻ ጭንቅላቱን አነሣች። ዓይኗን ጨፈነች።

በሩ ላይ ካኩ አንዴም አልዞሩም። ባለቤቱ ለሳቸውም ሳህን ቢያቀርብ በእጃቸው መለሱት፤ በሥራ ላይ ነኝ አሉ።

ሱሎታ እጇን ስትታጠብ ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ፊቷ ተለወጠ። የኮይ ሽታ በውሃ አይለቅም። ካኩ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ላስቲኩን አልፈው፣ የሆድ መድኃኒቱን አልፈው፣ አንድ ሎሚ አወጡ። ከዱርጋፑር ጓሮ ተቆርጦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የባቡሩን ልምምድ ሁሉ አብሮ የተለማመደ ሎሚ።

«ሁሉም ታስቦበታል» አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሹክሹክታ።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው ሰማያዊው ቡድን ተመለሰ። ፒሺ ከቤተ መቅደሱ የተቀበሉትን ጣፋጭ በቅጠል ይዘው መጥተው ነበር። የሱሎታን መዳፍ ዘርግተው አስቀመጡላት። እጇን ግን አልለቀቁትም። ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ካኩ በድንገት የሻንጣ ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመሩ።

«ሎሚ» አሉ ፒሺ።

«ኮካ» አሉ። ኮካ ማለት ትንሹ ልጅ ማለት ነው፤ አዛዡን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል። «ሎሚ የኮይን ሽታ አይወስድም። የሽንብራ ዱቄት ነው የሚወስደው፤ በደረቁ ታሽቶ። ይህን አላሰብክበትም።»

ፒሺ አሁንም የሱሎታን እጅ እንደያዙ ናቸው።

«ጨው ልክ ነበር?»

«ትንሽ በዝቶ ነበር፣ ዲዲ» አለች ሱሎታ።

«የሰው ቤት ጨው እንዲያው ነው» አሉ ፒሺ፤ እግራቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ኬያ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ፒሺ ሽታ ማስለቀቂያውን ከየት ዐወቁት? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያበስሉ ኖረዋል፤ መልሱ ያ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣዋም ነበረ፤ የምታሳርፍበት ሰው ግን አጣች። ካኩ ላይ ሞከረች፤ ሎሚው ከለከላት። ፒሺ ላይ ሞከረች፤ እጅ ይዘው ሲያሸቱ የነበረው ፊታቸው ከለከላት። እዚያ ክፍል ከተኙት ሰዎች ማንም ያላወጣውን ሕግ ሁሉም እንደ ዘበኛ ሲጠብቁት ኖረዋል። ቁጣዋን እሱ ላይ አኖረችው። እስከ ዛሬም አላነሣችውም።

በሚቀጥለው ብርድ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ኮልካታ በረንዳው ላይ ተሣለች። ወንዙ ከአምናው ሰፍቶ ነበር፤ ድልድዩ ያው ማበጠሪያ ነው። ኬያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሰማያዊውን ቡድን ፈለገች። አልነበረም። ሁሉም በነጭ ጠመኔ ነበር። ከሰዓት ጠጋኞቹ ሰፈር ጀርባ፣ ስርጡ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ተሥሏል፤ በዙሪያው አራት ክብ፤ አምስተኛዋ ትንሽ ክብ ለብቻዋ በሩ ላይ።

ፒሺ ከማዕድ ቤት ወጡ። ወንዙን አልረገጡም፤ ዞረው መጡ። ትንሿ ክብ ምንድን ናት ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ነዎት፣ ዲዲ» አሉ ካኩ ከቆባቸው ውስጥ።

ፒሺ ክቧን ቁልቁል አዩዋት።

«በር ላይ ይበርዳል» አሉ፤ በእግራቸው አውራ ጣት አጠፏት።

ካኩ ጠመኔውን አነሡ። ክቧን ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ከሱሎታ ጎን ሣሏት። ክቧ ክብ አልሆነችም። ሱሎታ ማዕድ ቤት ውስጥ ድስት እያማሰለች ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

ኬያ ካኩ በየብርዱ አጥልቂ የሚሏትን የሱፍ ቆብ ማንም ሳያዛት አጠለቀች፤ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«የሽንብራ ዱቄቱስ?» አለቻቸው።

ካኩ የኮታቸውን ኪስ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ቢጫማ ዱቄት ቦነነ።